ከነጋሪት እስከ ሳይረን፤ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች ስለ ማስጠንቀቂያ ድምፅ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፤ ሲመረምሩት ግን ከብዙ ሰው ሕይወት ጋራ የተያያዘ ነው። ይኸውም በከተማ መካከል በምሰሶ ወይም በሕንፃ ራስ ላይ ተተክሎ፤ አደጋ በመጣ ጊዜ ለሕዝቡ የሚጮኸው፤ ሁላችንም ሳይረን እያልን የምንጠራው መሣሪያ ነው። «ለሳይረን ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ገዝቶ መትከልና ማብሪያውን መጫን ነው እንጂ» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እኛም ነገሩን ከመመርመራችን በፊት ይህንኑ እናስብ ነበር።

ጉዳዩን በደፈናው ከማውራት ይልቅ በአንድ አገር ላይ አድርጎ ማየት ይሻላልና፤ ሆሳዕናንና የሐዲያንና የከምባታን ከተሞች እንውሰድ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ በከተማዋ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አገሩን ይገዙ የነበሩት፤ በዐድዋ ዘመቻ ሊቀ መኳስ ተብለው የዘመቱት፤ ኋላም ራስ የተባሉት አባተ ቧያለው ከተማዋን በሆሳዕና በዓል ዕለት ስለ ቆረቆሯት ስሙ እንደ ወጣላት ይነገራል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ደግሞ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ከእርሷ ወደ ደቡብ ሲሄዱ በአምባሪቾ ተራራ ግርጌ ዱራሜ አለች፤ በአካባቢውም ሺንሺቾ፣ አንጋጫና ዶዮገና፤ በሐዲያ በኩል ሾኔ፣ ጊምቢቹና ሆመቾ ይገኛሉ። አገሩ ሕዝብ እጅግ የበዛበት፤ የእንሰት ማሳ ከማሳ፤ ደጃፍ ከደጃፍ የተጋጠመበት፤ ቁልቁለቱም የታረሰበት ነው። በሻሾጎ ዝቅተኛ ሜዳ በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ በክረምት ጎርፉ ሲመጣ፤ ውሃው የሚነሣው እዚያው ከዘነበው ዝናም ብቻ ሳይሆን በላይ በደጋው ከወረደው ጭምር ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ሕዝብን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ቢተከል መልካም መሆኑን የሚጠራጠር አይኖርም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ጥንቱ ልማዳችን መመለስ ግድ ይሆናል። በአገራችን ሕዝብን ያነቃ የነበረው ታላቁ ድምፅ ነጋሪት ነው። በ1888 ዓ.ም. መስከረም የዐድዋ ክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ የሸዋም ጦር ወረኢሉ ላይ እንዲከትና ከንጉሡ ጋራ እንዲገናኝ ታዘዘ። ነጋሪት ማለት እንግዲህ «ተሰብሰብ» ማለት ነበር። (እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየቀኑ የምናገላብጠው ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙን ከዚሁ ከበሮ መውሰዱን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። በጋዜጣው የወጣ ዐዋጅ እንደ ከበሮው በሁሉ ጆሮ ይገባል ተብሎ መታሰቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር የሚወጣው ነው።)

ከነጋሪት ዝቅ ስንል እሪታ አለ። ቤት ሲቃጠል፤ ሌባ ሲገባ፤ ሰው ውሃ ሲወስደው ከአንድ ግቢ «እሪ» ሲባል ጎረቤቱ ዱላውንና ገጀራውን ይዞ፤ ነጠላውን እንኳ ሳያስተካክል ወደ ድምፁ ይሮጣል። በእሪታ ጊዜ ያልወጣ ሰው በሰፈሩ ስሙ ይነሣል። የቤተ ክርስቲያን ደወልም ያለ ሰዓቱ ሲደወል ምእመኑን ወደ ደጀ ሰላም ይጠራዋል። በከተሞቻችን የዕድር ጥሩምባ ነፊ በንጋት ሲያልፍ ሰዎች የሟቹን ስም ሰምተው ወደ ለቀስተኛው ቤት ይሄዳሉ። በየትምህርት ቤቱ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ እንኳ ሲመታ ተማሪው ወደ ሰልፍ ይሮጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ድምፆች፤ ትልቁም ትንሹም፤ ትርጉማቸው አንድ ነው። ሁሉም «ና» ይላሉ። «ሽሽ» ወይም «ቤትህ ቆይ» የሚል አንድም የለባቸውም።

መቸም ይህ የሚያስወቅስ ሳይሆን የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ሕዝቡ ያለ ፖሊስና ያለ እሳት አደጋ መኪና ብዙ ዘመን የኖረው በዚሁ ነውና።

የቀድሞው ትርጉም በታላቅ ኃይል የተናወጠው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የክተት ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ እንደ አባቶቹ ተሰበሰበ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ጠላት ከምድር ብቻ ሳይሆን ከሰማይም ይመጣ ነበርና፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዘማቹ ጦር በሰጡት ምክር አዲስ ነገር ተጨመረበት። አይሮፕላን ሲታይ ሰፊውን መንገድና ሜዳውን ለቆ ዛፍና ጫካ ባለበት መሄድ፤ ተጠጋግቶ ከመቆም መበተን፤ ከሩቅ የሚታይ ነጭ ልብስና የሚያብለጨልጭ ጌጥ መተው ይገባል የሚል ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ በታሪካችን ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ለዘመናት «ተሰብሰብ» ሲል የኖረ ቤተ መንግሥት በአደጋ ጊዜ «ተበተን» ማለት ግድ ሆኖበታልና። ትእዛዙን መስጠት ግን አንድ ነገር ነው፤ በሰው ልብ ማሳደር ሌላ ነው። በዚሁ ዓመት ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ ስትመታ ብዙው ወታደር ወደ ሰማይ ጠመንጃውን ይተኩስ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በመትረየስ ወደ አይሮፕላኖቹ ተኩሰዋል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካውያን ሆስፒታል እንኳ ከቦምቡ አላመለጠም። ጠላት ሲመጣ ወደ ጠላት መሄድ ከነጋሪት ጋራ የተማሩት ትምህርት ነበርና፤ በአንድ ዓመት የሚለቅ አይደለም።

ሳይረን የተባለው መሣሪያ ታሪክ ከዚህ ጋራ የሚገናኝበት መንገድ አስደናቂ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ካኛር ደ ላ ቱር የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ቀዳዳ ያለው ገበታ እያዞረ፤ አየር በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ በመቆራረጥ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በውሃ ውስጥም መጮኽ ይችል ስለ ነበር፤ በግሪኮች ተረት በባሕር ዳር እየዘፈኑ መርከበኞችን በሚስቡት በሴይሬኖች ስም ጠራው። የተረቶቹ ሴቶች ዘፈን መርከበኛውን ወደ ዐለቱ ስቦ የሚያጠፋ ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ራቅ» እንዲልልን የምንተክለው መሣሪያ የወረሰው ስም «ቅረብ» እያለ የሚገድል ነው። ስሙን ያወጣው ሊቅ ይህን ባያስብም፤ ለእኛ ነገር የተገባ ምሳሌ ሆኖልናል።

እንግሊዞች ይህን መሣሪያ ለሕዝብ ያስተማሩበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ነሐሴ 28 ቀን 1931 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ቼምበርሊን ጦርነቱን በሬዲዮ ባስታወቁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሎንዶን ሳይረኖች ጮኹ። ጥሪው በስሕተት የተነገረ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደ መጠለያው ገባ። በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው አገር፤ በባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል «ተጠለል»፤ ሳይዋዥቅ በአንድ ልክ ሲሰማ «አደጋው አልፏል» ማለት መሆኑን ልጅ ዐዋቂው ዐውቆት ነበር። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አደረጉ። በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ወር የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ሁሉ ዝም እንዲሉ ታዘዘ፤ ደወል የሚደወለው ጠላት በምድራቸው ላይ የወረደ እንደ ሆነ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ክልከላው ጨርሶ የተነሣው በ1935 ዓ.ም. ነው። አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም ከያዘ ማስጠንቀቂያ መሆኑ እንደሚቀር ዐውቀው፤ ለዘመናት የወደዱትን የእሑድ ደወል እንኳ ለትርጉሙ ሲሉ ዝም አሰኙት።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምናውቀው አንድ መሥሪያ ቤት የእሳት ማስጠንቀቂያ አስተከለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ጮኸ። ሠራተኛው በደረጃው ወደ ውጭ እንዲወርድ የተጻፈ መመሪያ በየበሩ ተለጥፎ ነበር። ሠራተኛው ግን፤ እኛም አብረን፤ «ምንድን ነው? የት ነው?» እያልን ጢስ ይወጣል ወደ ተባለበት ክፍል ተሰበሰብን። እሳቱ የሻይ ማፍያ ሆኖ ተገኘ እንጂ ሌላ ቢሆን ኖሮ ይህን ንግግር የሚያነብላችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ይህ የሚያስቅ ነው። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፤ በገዜ ጎፋ ወረዳ፤ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ ከከባድ ዝናም በኋላ መሬት ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። እሪታው ተሰማ፤ ጎረቤቱም እንደ ልማዱ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። ሰዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። በአገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ጎፋ ከከምባታ ሩቅ አይደለም፤ ቁልቁለቱም፤ እርሻውም፤ የጎረቤት ፍቅሩም ይመሳሰላል። በዚያ ቀን ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አጥቶ አልነበረም። እሪታ ነበር። እሪታው ግን የሚያውቀው «ና» ማለትን ብቻ ነው። እንግዲህ በአምባሪቾ ግርጌ ወይም በሆሳዕና ሳይረን ተክለን ትርጉሙን ሳናስተምር ብናስጮኸው፤ እሪታን በኤሌክትሪክ ኃይል አበርትተን ሕዝቡን ወደ ናዳው ከመጥራት በቀር ሌላ ምን እናደርጋለን?

የትርጉም ነገር የሠለጠኑትንም አገሮች አደናግሯል። በሃዋይ ደሴቶች የሳይረን ሙከራ በየወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ሲደረግ ስለ ኖረ ሕዝቡ ድምፁን ከባሕር ማዕበል ጋራ አያይዞ ያውቀዋል፤ ሲሰማውም ወደ ከፍተኛ ቦታ መሄድን ተምሯል። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላሃይና የተባለችው ከተማ በሰደድ እሳት ስትቃጠል ሳይረኖቹ አልጮኹም። የአደጋ መከላከያው ኃላፊ ሲጠየቁ፤ ሕዝቡ ማዕበል የመጣ መስሎት ወደ ተራራው፤ ማለት እሳቱ ወዳለበት እንዳይሮጥ ፈርተን ነው የሚል መልስ ሰጡ፤ በማግሥቱም ከሥራቸው ለቀቁ። የሞተው ሰው 100 ያህል ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም ብለን የምንፈርድ እኛ አይደለንም። ነገር ግን ብዙ ሳይረን ያላት ደሴት በድምፁ ትርጉም ምክንያት መሣሪያዋን ሳትነካ መቅረቷ ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ስለ ተከላው ጥቂት እንናገር። በሞተር የሚሠራው ሳይረን ውስጡ ቀላል ነው፤ በዙሪያው መስኮት የተከፈተለት ከበሮ መሰል ብረት በሌላ መስኮት ባለው ቀፎ ውስጥ ይሽከረከራል። በደቂቃ 2,900 ጊዜ የሚዞር ሞተርና ዐሥር መስኮት ያለው ከበሮ ቢኖር፤ አየሩ በሰከንድ 483 ጊዜ ስለሚቆራረጥ ድምፁ በዚያ ልክ ይወጣል። የመብራቱ ኃይል ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ድምፁም ይወፍራል፤ ይደክማልም። ስለዚህ በሩቅ ሆኖ የሚያዳምጥ ባለሙያ መሣሪያው መታመሙን ሳይወጣ ከድምፁ ብቻ ሊያውቅ ይችላል። ድምፁ የሚደርስበትን ርቀት ለመገመት ባለሙያዎች ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ዐሥር ዴሲቤል ይቀንሳሉ። በ30 ሜትር ላይ 120 ዴሲቤል የሆነ ሳይረን በ60 ሜትር 110፤ በ120 ሜትር 100 እያለ፤ በ960 ሜትር ላይ 70 ይሆናል። ይህ በገበያ መካከል ከሚሰማው ሁካታ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ አንድ ሳይረን አንዲት ኮረብታና ሸለቆ ያለባትን ከተማ አያዳርስም፤ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ሰፈር ደግሞ ቅርብ ሆኖ ሳለ ላይሰማ ይችላል።

በእኛ አገር ከሁሉ የሚከፋው ግን ቆርቆሮው ነው። ጎርፍና ናዳ የሚመጡት ዝናሙ በበረታ ሰዓት ነው፤ ዝናሙ በበረታ ሰዓት ደግሞ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን እንኳ አይሰማም። የአባቶቻችን የሣር ክዳን በዚህ በኩል የተሻለ ነበር፤ ዝናሙን ዝም ያሰኘዋልና። ስለዚህ ተከላው በበጋ ተፈትኖ «ጥሩ ይሰማል» መባሉ ብቻውን የሚያኮራ አይደለም፤ በሐምሌ ሌሊት፤ በር ተዘግቶ፤ ቆርቆሮው ሲንቋቋ መፈተን አለበት። መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም በዚሁ ሰዓት ስለሆነ ባትሪ ወይም በእጅ የሚዞር ትንሽ ሳይረን በመጠባበቂያ መቀመጥ ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ ሳይረን አፍ እንጂ ዓይን የለውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ሌሊት በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ በሞላ ጊዜ ከ250 በላይ ሰዎች ያለቁት ውሃው ከላይ ከደጋው ወርዶ በእንቅልፍ ላይ ስላገኛቸው ነው። ሳይረኑ በታች በከተማ ቢተከልም፤ ውሃውን አስቀድሞ የሚያይ ሰው በላይ፤ ስልክም በእጁ፤ በታች ደግሞ ስልኩን ተቀብሎ ማብሪያውን እንዲጫን አስቀድሞ የተፈቀደለት ሰው መኖር አለበት። ይህን የመጨረሻውን ቃል በተለይ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች እንናገራለን። ጎርፍ ደብዳቤው ገቢ ሆኖ፤ ፋይሉ ተመርቶ፤ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለሱ አይጠብቅም።

ትርጉሙን የሚያስተምረው ሙከራው ነው። ኔዘርላንዶች በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፤ ፈረንሳዮች በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሳይረኖቻቸውን ያስጮኻሉ፤ ሕዝቡም ቀኑን ስለሚያውቅ አይደነግጥም። በሆሳዕና ቢደረግ ዓርብ እኩለ ቀንና እሑድ ጧት የጸሎት ሰዓት ስለሆነ ይቅር፤ የገበያ ቀንም ሰውና ከብት ስለሚበዛበት ለመጀመሪያው ጩኸት አይመችም። ይልቁንም የገበያው ቀን ለማስታወቅ ይዋል። በሐዲይኛ፤ በከምባትኛና በአማርኛ «በሚቀጥለው ማክሰኞ ከጧቱ 4 ሰዓት እንዲህ ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ በእውነተኛው ቀን ስትሰሙት ወደ ድምፁ አትምጡ፤ ከወንዙና ከቁልቁለቱ ራቁ» ተብሎ ይነገር። ለዚህ ሥራ ከዕድር ዳኞችና ከጥሩምባ ነፊው የተሻለ ሰው አይገኝም። ሰው የእርሱን ድምፅ ያምናል፤ አዲሱ ድምፅ ከእርሱ ጥሩምባ የተለየ ትርጉም እንዳለውም ከራሱ ከጥሩምባ ነፊው አፍ ቢሰማው ይቀበለዋል። ዛሬ በድምፅ ማጉያ የሚናገሩ ሳይረኖችም አሉ፤ ቃሉ ግን በሩቅ በገደል ማሚቶ እየተደባለቀ ስለሚጠፋ ሕዝቡን አስቀድሞ ከማስተማር አያድኑንም።

ስለ ጥገናው የምንለው አጭር ነው። የሞተሩ ኩሽኔታ በጊዜው ግራሶ ካልተቀባ ይነክሳል፤ በቀፎው ውስጥ ወፍ ጎጆ ይሠራል፤ ተርብ ይሰፍርበታል፤ ስለዚህ አፉ በሽቦ ወንፊት ይከደን። መብረቅ የሚበዛበት ደጋ ስለሆነ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ዝገት እንዳይበላው በየክረምቱ መግቢያ ይታይ። ባትሪው በየወሩ ይለካ። የሚጠግነው ሰው ምሰሶው ላይ ሳለ ማንም ማብሪያውን እንዳይነካ ቁልፉ በኪሱ ይሁን፤ በዚያ ቅርበት አንድ ጩኸት ጆሮን ይጎዳልና። በሙከራው ቀን ደግሞ በየሰፈሩ አንድ አንድ ሰው፤ ተማሪም ቢሆን፤ ሰዓት ይዞ ይቁምና የሰማውን ይመዝግብ። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፤ የጮኸበት ሰዓት፤ ዝናም መኖር አለመኖሩ፤ መብራት መኖር አለመኖሩ፤ ድምፁ የተሰማበት ሰፈር ይጻፍ፤ «ያልተሰማበት ሰፈር» ለሚለው ዓምድ ግን ከሁሉ ሰፋ ያለ ቦታ ይተውለት።